የአረፋ ሰሞን መዝገብ

ቡታጅራ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛ አለች። የእኔ ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ክስ እጽፋለሁ፣ ለክስ መልስ እጽፋለሁ። ሰው «አሚኔ ከሰባተኛ ክፍል አቋረጠች» ሲል እሰማለሁ። እኔ አላቋረጥኩም፤ ያቋረጠኝ ትምህርት ቤቱ ነው። እኔማ ቀጥያለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አሮጌ መጻሕፍት ከሚያዞር ሰው ገዝቼ ሽፋኑ እስኪለቅ አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝን ከዚያ ግቢ የሚወጣውን ሁሉ አስቁሜ ጠይቄያለሁ። ስለምጠይቅ የሚንቀኝ አለ። ይናቀኝ፣ መልሱን ከሰጠኝ።

አንድ ነገር ግን ሲያብሰለስለኝ ኖሯል። እኔ የጻፍኩት ወረቀት በዚያ በር ይገባል። ከገባ በኋላስ? ማን ያነበዋል፣ ለማን ያቀብለዋል፣ የት ቁጭ ብሎ ይከርማል? ባለጉዳዩ ሲወጣ የሚነግረኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ነገ ና ብለውኛል።» እሱ ደግሞ መልስ አይደለም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ መገባደጃ ላይ ሳሌሃ መጣች። የመስቃን ሴት ናት፣ አርብ አርብ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሴት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ያለፈው ዓመት አረፋ ላይ የደረሰባትን አገር ያውቀዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚነግደው የባሏ ወንድም ሸረፋ ለበዓል መጥቶ፣ በእሱና በእሷ ቤት መካከል ያለው ጓሮ የእኔ ነው አለ። ጓሮውን አባታቸው ሳያካፍሉት ነው የሞቱት። ክርክሩ ሲጋጋል ቆንጨራ አውጥቶ እሷ በእጇ የተከለችውን እንሰት ከዳር እስከ ዳር ቆረጠው፤ ያውም ለበዓል የመጣው ዘመድ ሁሉ ቆሞ እያየ።

እንሰት የማያውቅ ሰው ይሄ ጎመን የመቁረጥ ያህል ሊመስለው ይችላል። እንሰት ችግኝ ሆኖ ተተክሎ፣ ተነቅሎ እንደገና ተተክሎ፣ ለቆጮ እስኪደርስ ድረስ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል።

«አሚኔ፣ ቆርቆሮ ልኳል» አለችኝ ሳሌሃ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«የምን ቆርቆሮ?»

«የቤት። ለአረፋ ሲመጣ እንሰቱን የቆረጠበት ቦታ ላይ ሊያቆመው ነው። ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማን ያፈርሰዋል? ወደ ጓሮዬስ በየት አልፋለሁ? ወንድ ልጅ የለሽም፣ ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ ማለቱ ነው።»

«ባለፈው ዓመት የጻፍኩልሽ አቤቱታስ?»

«እሱን እኔ ነኝ የምጠይቅሽ።»

እውነቷን ነው። ጠረጴዛዬን ለጎረቤቴ ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ አደራ ብዬ አብሬያት ገባሁ።

ዐቃቤ ሕጉ አቤኔዘር ይባላል። የወልቂጤ ልጅ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም። አባቱ መምህር ስለሆኑ ይሁን አላውቅም፣ ሲያስረዳ ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቱን ያነሳል። መዝገቡን ከመደርደሪያው ሲያወጣ አቧራው እላዩ ላይ ነበር።

«አልጠፋም» አለ።

«ካልጠፋ ምን ሲያደርግ ከረመ?» አልኩት።

«ተኝቶ።»

«ማን አስተኛው?»

አቤኔዘር አልተቆጣም። ጣቱን አነሳ። «ፖሊስ መርምሮ መዝገቡን ለእኔ ይልካል። እኔ ሦስት ነገር ነው የማደርገው። ማስረጃው ከበቃኝ እከሳለሁ። ካልበቃኝ ይህ ይጣራ ብዬ እመልሳለሁ። የማይሆን ከሆነ እዘጋለሁ። ይሄኛው ከሦስቱ አንዱ ሊሆን አልቻለም። የምስክሮቹን አድራሻ ልንገርሽ?» ብሎ ማንበብ ጀመረ። «አንደኛ ምስክር፣ አዲስ አበባ መርካቶ። ሁለተኛ ምስክር፣ አዲስ አበባ መርካቶ። ሦስተኛው ሐዋሳ። አራተኛው፣ ለለውጥ ያህል፣ ጅማ።»

«ሸረፋስ?»

«ምናለሽ ተራ።»

«መጥሪያ ይላክላቸዋ።»

«ተልኳል። መርካቶ ላይ ቆመሽ 'የቡታጅራው ሸረፋ' ብለሽ ብትጣሪ ስንት ሰው ዞር የሚል ይመስልሻል?»

ሳሌሃ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ለአረፋ እኮ ሁሉም ይመጣሉ፣ ልጄ። ምስክሮቹም እሱም። አንድም አይቀርም።»

«ይመጣሉ» አለ አቤኔዘር። «ፍርድ ቤት ግን ከነሐሴ መግቢያ እስከ መስከረም መጨረሻ እረፍት ላይ ነው።»

ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ፍርድ ቤት በክረምት እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ሰው ለአረፋና ለመስቀል እንደሚገባም አውቃለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸው ግን አላውቅም ነበር። በመጪው መስከረም ደግሞ አረፋና መስቀል ተከታትለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊውሉ ነው። አገሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ፍርድ ቤቱ ባዶ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት አገሩ ባዶ ነው። ስንት መዝገብ ነው እንዲህ ሳይገናኝ የቀረው?

«እረፍቱን የመደበው ሰውዬ ጉራጌ አይደለም» አልኩ።

«እረፍቱ የተመደበው ለአገር ነው።»

«እኛስ የማን አገር ነን?»

ሳቀ። ዝም እንደማልል ስለገባው ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ።

«ተረኛ ዳኛ አለ አይደል?» አልኩት።

«አለ። ሸረፋን በበዓሉ ዋዜማ ባስይዘው ተረኛው ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ዋስ ይጠራል፣ ይወጣል፣ ከበዓሉ ማግስት ምናለሽ ተራ ነው። ጥቅምት ላይ ክሱ ሲሰማ እሱም የለም፣ ምስክርም የለም።» ትንሽ አሰበና ወደ ሳሌሃ ዞረ። «እሺ፣ ሁሉ ተሳክቶ ተፈረደበት እንበል። እሱ ቢቀጣ የጓሮው ድንበር ይለያል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አይለይም። የእኔ በር የሚጠይቀው ማን ቆረጠ ብሎ ነው። ቦታው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።»

«የሚጠይቀው በር የቱ ነው?» አልኩት።

«ወልቂጤ ነው ያለው» አለ፤ «የዞኑ ፍትሕ መምሪያ። የፍትሐ ብሔር ዐቃብያነ ሕግ እዚያ ናቸው። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው ይቆማሉ።»

ቡታጅራና ወልቂጤ ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። ካርታውን የሠራው ሰው ግን ተራራውን አልሞከረውም። በነጋታው ጠዋት ተነስተን፣ ተራራው ላይ ባለችው አረቅጥ በጭጋግ መካከል መኪና ስንጠብቅ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ፣ ወልቂጤ የደረስነው ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ የግቢው ዘበኛ «ሁሉም ግምገማ ላይ ናቸው» አለን።

«ማንን ነው የሚገመግሙት?»

«እርስ በርስ።»

ሳሌሃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዕድል መቼ አገኛለሁ? ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። የወንጀል ጉዳዮች አንድ በር፤ ከፊት ለፊቱ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች። ራቅ ብሎ የሰነዶች ምዝገባና ማረጋገጫ። ሌላው ደግሞ ሕግ ለሕዝብ የሚያስተምር ክፍል ነው፤ ሕግ የሚያስተምር ክፍል እያለ እኔ ከአሮጌ መጽሐፍ ስለፋ መኖሬ ገረመኝ። በየበሩ ላይ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተብሎ ስም ተለጥፏል። ሥራ ሂደት እንዳለው አውቅ ነበር፤ ሂደቱ ባለቤት እንዳለው ግን የዚያን ቀን ተማርኩ።

የፍትሐ ብሔር ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ሙሉ ከግምገማው ስትወጣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነበር። ጎልማሳ ናት፣ ፊቷ ደክሟል። አስገባችንና ጉዳዩን ከእኔ አፍ ሰማች። ስጨርስ ወደ ሳሌሃ ዞረች።

«ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«መጀመሪያ ክሱ...» ብዬ ልመልስ ስል፣

«አንቺን አልጠየቅሁም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ፣ ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ሳሌሃ እጆቿን አየች። ዓመት ሙሉ ይሄን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ፖሊስ ምን አየሽ አላት፣ አቤኔዘር ማን አየ አላት፣ እኔም ብሆን ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን ነው የጠየቅኋት።

«እዚያው መኖር» አለች በመጨረሻ።

ወይዘሮ ሙሉ ነጭ ወረቀት አወጣች። «ክስ ልመሥርትልሽ እችላለሁ፣ እግድም ልጠይቅልሽ። እግዱ ግን ቤቱን ያስቆማል እንጂ ድንበሩን አያሰምርም። ክሱም መልስ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ ይግባኝ ነው፤ ልጆችሽን እስክትድሪ ይወስዳል። ሽማግሌ አላሰባችሁም?»

«ሽማግሌዎቹም የሚሟሉት ለአረፋ ነው» አለች ሳሌሃ።

ወይዘሮ ሙሉ ሳቀች። ከዚያ የነገረችን ነገር ቀላል ነው፤ ቢሆንም እዚያ ግቢ በር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጬ አልገባኝም ነበር። «የሚዘጋው ፍርድ ቤት ነው» አለች፤ «እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። ፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ነሐሴንም መስከረምንም ይሠራል። ለአረፋ ሽማግሌ ተቀምጦ ከተስማማችሁ ስምምነቱ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ጥቅምት ላይ ዳኛ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ ያኔ ማንም አይነቀንቅሽም።»

«ጥቅምት ላይ ሸረፋ የለማ» አልኩ።

«ለዘመዱ ውክልና ይስጣ። የሰነዶች ክፍል እናንተም ጋ አለ፣ በበዓሉ ሰሞንም ክፍት ነው።» መነጽሯን አወረደች። «አንድ ነገር ግን ይግባሽ፣ ሳሌሃ። የአንቺ ዓይነቱ ክስ ባለጉዳዩ ከታረቀ ይቀራል። ከታረቅሽ አቤኔዘር መዝገቡን ይዘጋዋል። መቀጣቱንና ጓሮውን፣ ሁለቱንም አታገኚም።»

ስንመለስ አረቅጥ ላይ ደግመን ቆምን። እዚያ መኪና ስንጠብቅ ሳሌሃ «አሚኔ፣ እኔ እኮ ታስሮ ባየው ደስ ይለኛል» አለችኝ።

«እና?»

«እና ሲፈታ ጎረቤቴ ነው።»

አረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ሸረፋ ቤት በር ላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መሃል ላይ ሀጂ ሙሀመድአወል ናቸው። ከየከተማው የገባው ዘመድ ዙሪያውን ቆሟል፤ መዝገቡ ላይ ያሉትን አራቱን ምስክሮች አንድ በአንድ በዓይኔ ቆጠርኳቸው፣ ጅማም ሐዋሳም ሳይቀር። ወፍራሙ ቆርቆሮ አጥሩን ተደግፎ ያበራል። የሸረፋ ሚስት ፈቲሀ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። ባሏ መርካቶ ሲኖር እሷ ናት እዚህ ከሳሌሃ ጋር አጥር ለአጥር የምትኖረው።

ሀጂ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «እንሰቱን ቆርጠሃል?»

ሸረፋ አንገቱን ደፋ። «ቆርጫለሁ።»

ይሄው ነው። ምስክር የለ፣ መጥሪያ የለ። ይህን በኋላ ለአቤኔዘር ስነግረው መዝገቡን ገልጦ ሸረፋ ያን ጊዜ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አሳየኝ፤ «ከብት ገብቶ ነው የበላው» ይላል። «እዚያ ለምንድነው እውነቱን የሚናገረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሽማግሌ ፊት ዋሽቶ፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ ከዚያ የአረፋ ሥጋ ለመቁረስ የሚደፍር ሰው እኛ ጋ እንደማይገኝ ነገርኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ሸረፋ ምክንያቱንም ተናገረ። ልጆቹ መርካቶ ነው ያደጉት። ለበዓል ሲመጡ የፈቲሀ ቤት ስለማይበቃቸው የአጎት ቤት፣ የአክስት ቤት እየተበተኑ ነው የሚያድሩት። «እኔ ስሞት አንዱም አይመጣም» አለ። «ቤት ካላቸው ግን ይመጣሉ።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ክፉ ሰው አልመስል አለኝ። ቆንጨራውን ግን አልረሳሁለትም።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ጓሮውን በእግራቸው ለኩ። እንሰቱ የነበረበት እስከ መተላለፊያው ድረስ የሳሌሃ እንዲሆን፣ ቤቱ ደግሞ ከፈቲሀ ግቢ ወዲያ ማዶ እንዲቆም ተስማሙ። ሸረፋ እሺ አለ። ችካል ተተከለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሁሉ አሚን አለ። መነሳት ሲጀምሩ ነው ሳሌሃ የተናገረችው።

«ሀጂ፣ ይጻፍልኝ።»

ሀጂ ሙሀመድአወል ቆም አሉ። «ምኑ?»

«የተባለው። ፍትሕ ቢሮ ሄዶ ይፈርምልኝ። ውክልናም ይስጥ።»

ሰው አጉረመረመ። ሀጂ ተቀየሙ፣ ፊታቸው ላይ ታየ። «ዱዓ አድርገናል። ዱዓ ላይ ማኅተም አይመታም።»

«ቃሉን አምናለሁ» አለች ሳሌሃ። «ቃሉ ግን ከአረፋ በኋላ መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል።»

ሀጂ ከእሷ ይልቅ ወደ እኔ አዩ። «ይሄን ያስተማረችሽ ይቺ ናት።»

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፤ «እርስዎ ሐጅ ሲሄዱ ፓስፖርት አልያዙም? ዱዓው ብቻውን ጅዳ ያስገባ ነበር?»

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሀጂ ለመቆጣት ሞከሩ፣ ግን ጺማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ወላሂ ይቺን ልጅ ማን ነው የሚያገባት?»

«የሚችል ሲገኝ፣ ሀጂ።»

«በሉ ሂዱ» አሉና ወደ ሸረፋ ዞሩ። «የተናገርከውን መድገም ምን ያስፈራሃል?»

በማግስቱ ጠዋት ከተማው በሰውና በበግ ተጨናንቆ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ፣ እኛ ግን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሰነዶች ክፍል ገባን። ስምምነቱን ወይዘሮ ሙሉ በሰጠችኝ ናሙና መሠረት ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሸረፋም ሳሌሃም ፈረሙ፣ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈረሙ። ለውክልናው ተረኛው ኃላፊ አቶ ገሠሠ ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡ ሰው ናቸው። ያላነበቡትን ወረቀት አያስፈርሙም።

«ማንን ነው የምትወክለው? ጠበቃ ካልሆነ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት» አሉ።

ሸረፋ ዙሪያውን አየ። ወንድም የለው፤ ልጆቹ አብረውት ይመለሳሉ። «ፈቲሀ ትሁን» አለ። «እሷ ነገር አታበዛም።»

ፈቲሀ ቀና አለች። አቶ ገሠሠ አነበቡት፤ ስለ እኔ ሆና ፍርድ ቤት እንድትቀርብ፣ ስምምነቱን እንድታረጋግጥ፣ እንድታጸድቅ። ሲጨርሱ ፈቲሀ በቀስታ ጠየቀች።

«እኔ የምለው እሱ እንዳለው ይቆጠራል?»

«አዎ።»

«እሱ እዚያ ሆኖ፣ እኔ እዚህ ብናገር?»

«ወረቀቱ በፈቀደልሽ ነገር ላይ፣ አዎ። አንቺ ስትናገሪ እሱ ተናገረ ማለት ነው።»

ሸረፋ ሰዓቱን ያያል፤ በግ ገበያ ሳይሞቅ መድረስ ፈልጓል። ፈቲሀ ግን ወረቀቱን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ከላይ እስከ ታች ስታየው ቆየች። የእኔ ዓይን ያን ዓይን ያውቀዋል። እኔም መጀመሪያ የሕግ መጽሐፍ እጄ ሲገባ እንደዚያ ነው ያየሁት።

አረፋ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። አውቶቡሶቹና አይሱዙዎቹ የመጡትን ሰዎች ጭነው ወጡ፣ ቡታጅራ እንደገና ሰፋች። ጥቅምት ገባ፣ ፍርድ ቤቱ ተከፈተ፣ ስምምነቱ የሚጸድቅበት ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ፈቲሀ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች።

«ስልክ ውክልና ይሽራል?» አለችኝ።

«ማን ደወለ?»

«እሱ ነዋ። ምናለሽ ተራ ያሉት ጓደኞቹ 'የአባትህን መሬት ለሴት በማኅተም ሰጠህ' ብለው ስቀውበታል። 'እንዳትሄጂ' አለኝ።»

መልሱን የማውቀው መሰለኝ፤ ግን ይሄ በእኔ ግምት የሚባል ነገር አይደለም። ይዣት ገባሁ። አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን አድርገው ሰሟት።

«እኔ ጋ የደረሰ የመሻሪያ ጽሑፍ የለም» አሉ። «መሻር ከፈለገ አዲስ አበባ ጽፎ ይላክ። እስከዚያ ድረስ በመዝገባችን ውክልናሽ አልተነካም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ ወረቀቱ ትችያለሽ ነው የሚለው። አለብሽ አይልም። እሱ ያንቺና የባልሽ ነው።»

ስንወጣ ፈቲሀ ግንቡን ተደገፈች።

«ቢፈታኝስ?»

የሕግ መጽሐፌ ውስጥ ፍቺ የሚል ምዕራፍ አለ፣ ንብረት ክፍፍል የሚልም አለ፤ እሷ የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም። ወንበሬን ሳብ አደረግኩላት።

«ሳሌሃ ከሄደች» አለች ለራሷ፣ «እንሰቱን ለቆጮ ከማን ጋር ነው የምፍቀው? እሱ ከምናለሽ ተራ መጥቶ ይፍቅልኛል?»

ሳትሰናበተኝ ሄደች። ትምጣ አትምጣ አላወቅሁም። ለሳሌሃም አልነገርኳትም፤ ብነግራት የምታደርገው ነገር አልነበረም፣ እንቅልፍ ከማጣት በቀር።

በቀጠሮው ጠዋት ወይዘሮ ሙሉ ተራራውን አቋርጣ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰች። ሳሌሃ በጊዜ መጥታለች። ፈቲሀ የለችም። አቤኔዘር ከራሱ ችሎት ሲመላለስ እያየኝ በቅንድቡ ይጠይቀኛል፤ እኔም ትከሻዬን ነቀንቃለሁ። መዝገቡን ዝጋው እስኪባል ድረስ የእሱም ጉዳይ ነው፤ ካልጸደቀ ምስክሮቹ አድራሻቸው መርካቶ የሆነ ክስ ይዞ ሊከርም ነው።

ስማችን ሊጠራ ሲል ከበሩ በኩል ሁለት ሰዎች ታዩ። ፈቲሀ ከፊት፣ ከኋላዋ ሀጂ ሙሀመድአወል በከዘራቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሀጂ ቤት ሄጄ ነበር። ሸረፋ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝና 'ስልክሽን ስጪኝ' አሉ።»

የቀረውን ሀጂ ራሳቸው ቀጠሉ፤ ነገሩ ጥሟቸዋል። «ጠዋት ደወለ። አነሳሁ። አሰላሙ አለይኩም አልኩት። ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው አልኩት። ፈቲሀ ቤት ቁርስ እየበላሁ ነው፣ አሁን አብረን ወደ ፍርድ ቤት ልንወጣ ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አልሐምዱሊላህ አለ። ሌላ ምን ይላል?»

ዳኛው ቀጭን፣ ነገር ቶሎ መጨረስ የሚወዱ ሰው ናቸው። ስምምነቱን በዓይናቸው አሳለፉት። ወይዘሮ ሙሉ ቆማ ሳሌሃን እንደምትወክል ተናገረች። ሳሌሃ ተስማምተሻል ተብላ ተጠየቀች፣ አዎ አለች። ከዚያ ዳኛው ውክልናውን አነሱ።

«የሸረፋ ወኪል።»

ፈቲሀ ተነሳች። ሻርፗን አስተካከለች።

«ስምምነቱን አንብበሽዋል?»

«ተነቦልኛል። ሁለት ጊዜ።»

«ወካይሽ በስምምነቱ ይጸናል?»

ወደ ሀጂ ዞር አለች። ሳሌሃ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

«ሸረፋ ይጸናል» አለች ፈቲሀ። «ሽማግሌ ፊት ያለውን ነው የምናገረው። ያ ነው ሸረፋ።»

ዳኛው ጎንበስ ብለው ጻፉ። ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን ስለሆነ ጸድቋል፣ እንደ ፍርድ ይፈጸም ብለው ወደ ቀጣዩ መዝገብ አለፉ። ያን ያህል አጭር ነው። እኔ ቢያንስ መዶሻ ይመታል ብዬ ነበር።

ውጭ ስንወጣ አቤኔዘር ኮሪደሩ ላይ አገኘን። «ጸደቀ?» አለ። ጸደቀ አልነው። «እንግዲያው ሳሌሃ፣ ክሱን ትቻለሁ ብለሽ ትፈርሚልኛለሽ» አለና ወደ ቢሮው ይዟት ገባ። ስትመለስ ጣቷ ላይ የአሻራ ቀለም ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

«ቆይ» አለች፣ ሁላችንንም ተራ በተራ እያየች። «አሁን ማን ነው የፈረደልኝ?»

«ዳኛው» አለች ወይዘሮ ሙሉ።

«ዳኛው የጻፈው እኛ ያልነውን ነው» አሉ ሀጂ።

«ያላችሁትንማ ሸረፋ በስልክ ሊያፈርሰው ነበር» አልኩ እኔ። «ውክልናው ባይኖር...»

«ውክልናው ምን ይሠራል፣ እኔ ባልመጣ» አለች ፈቲሀ። ድምፅዋን እንዲህ ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም። ሀጂም ዞረው አዩዋት።

ክርክሩ ሞቀ። ወይዘሮ ሙሉ የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ ልትጠቅስ ጣቷን አንስታለች፣ ሀጂ ከዘራቸውን። ሳሌሃ ግን አልጠበቀችንም። አርብ ነበር፤ የገጠር ሴቶች የእንሰት ችግኝ ይዘው የሚመጡት ጠዋት ነው፣ ከዘገየች ደህና ደህናው ያልቃል። ፈቲሀን ክንዷን ይዛ «ነይ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ መምረጥ ታውቂያለሽ» አለቻትና ተያይዘው በገበያው መንገድ ወረዱ።